ወንድሜና ያላለቀው መፍጫ

ዜናውን የሰማሁት ማሽን እየጮኸ ሳለ ነው። የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። ባለሱቋ ሁለት ካሮት ቆራርጣ፣ ውሃ ጨምራ፣ ክዳኑን በመዳፏ ተጭና መፍጫውን ከፍታልኛለች። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ኖሯል፤ አልሰማሁትም። ቀና ስል የወንድሜን የሥራ ባልደረባ በሩ ላይ አየሁት። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን አይመጣም። በእጄ ቆይ አልኩት። ካሮቱ እስኪልም ልጠብቅ ፈልጌ ነበር። ባለሱቋ ፊቱን አይታ ማሽኑን ስታጠፋው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ደረሰችኝ።

"...አረፈ።"

ባለሱቋ ወንበር ሰጠችኝና ተቀመጥኩ። ማን ብዬ አልጠየቅኩም። የእኔ የምለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መፍጫውንም ልገዛ የመጣሁት ለእሱ ነው። የማስታውሰው ጆጉን ማየቴን ነው። ካሮቱ ቀስ እያለ መዞሩን አቆመ። በደንብ ልሟል፤ አንድም ጓል አልነበረበትም።

ወንድሜ ከእኔ በስምንት ዓመት ያንስ ነበር። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም። እናታችን ትታልን በሄደችው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረን ኖርን። እኔ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእሱ ሥራ የተቃጠለ ሞተር መጠምጠም ነበር። የውሃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ ድሪል፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲቃጠል ወደ እሱ ይመጣል። እሱም የተቃጠለውን ይፈታል፤ ስንት ዙር እንደነበረ ይቆጥራል፤ ከዚያ በአዲስ ሽቦ ያንኑ ያህል ዙር ይጠመጥማል።

ሠፈሩ "መዳብ" ብሎ ነው የሚጠራው። ርካሽ ሞተሮች በመዳብ ፈንታ በአሉሚኒየም ሽቦ ይሠራሉ፤ ቶሎ ይግላሉ፣ ቶሎም ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ እየሳቀ ሲያሳየው ሌላው "ይባረክ" በሚልበት ቦታ እሱ "መዳብ ነው?" ይላል። አንድ ጎረቤታችን ሴት ልጁን ሲድር፣ ወንድሜ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ "መዳብ ነው?" ብሏል ይባላል። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም። ጠብታ የፈጠረው ሊሆን ይችላል።

ጠብታ ያ ሱቁ በር ላይ የቆመው ባልደረባው ነው። አጭርና ቀጭን በመሆኑ ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠርተዋል። ክፍሏ ከበሯ ሌላ መስኮት የላትም። አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የሽቦ ጥቅልሎች፤ ሁሉ ነገር ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። የወንድሜ ሸሚዞች ታጥበውም እንደዚያው ይሸቱ ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ሽቦ እየጠመጠመ ሲቆጥር አይናገሩትም። ሰው ሲገባ ወንድሜ አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳል። ደንበኛው ይቆማል። ያ ጣት "እንደምን ዋልክ" ማለትም ነው፤ "ዝም በል" ማለትም ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ግምት የለም። የተጠመጠመው በሙሉ ይፈታና ከአንድ ይጀመራል። ሁለት መቶ ሰማንያ ላይ ደርሶ ቁጥር ጠፍቶበት ሁሉንም ሲፈታ ያየሁት ቀን፣ "አምስት ዙር ቢበዛ ቢያንስ ማን ያውቃል?" አልኩት።

"ሞተሩ ያውቃላ፣ እትዬ" አለኝ።

ባለፈው ዓመት ዳቦ አልወርድ ይለው ጀመር። በመጀመሪያ ቀልድ አደረገው። "የዚህ ዳቦ ቤት ሰውዬ ሲሚንቶ መቀላቀል ጀምሯል" ይል ነበር። እኔ ጥፋቱን ከአበላላችን ላይ ጣልኩት። ሥራ ቦታ ቆሞ ዳቦና ሻይ፣ ማታ የተረፈ ነገር፤ አትክልት የሚባል ቤታችን የሚገባው አልፎ አልፎ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ሬዲዮ ያዳምጣል። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፓፓያ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ መጠጣት ነው ሲሉ ሰማሁ። አንድ ቀን መኝታው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ከዛሬ ጀምሮ አበላላችንን እናስተካክላለን፣ ጁስ መጭመቂያ እንገዛለን አልኩት።

"እትዬ፣ ስታይኝ ፍየል እመስላለሁ?"

"ፍየልስ በጤናዋ ናት።"

"ይሁን። ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ይሁን አልኩ። ሞተር የሚያውቅ ወንድም እያለኝ ማሽን ብቻዬን ብገዛ ነውር መሰለኝ።

የሄድነው እኔ በኋላ ወደተመለስኩበት ወደዚያው ሱቅ ነበር። ባለሱቋ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ናት። እኔን እማማ ትላለች፤ ያን ቀን ባልወደውም ዝም አልኩ። ከመደርደሪያው የሚያምር ነገር አወረደች።

"ይሄ ጁስ መጭመቂያ ነው፣ እማማ። በዚህ ይገባል፣ በዚህ ጭማቂው ይወጣል። ለማጠብም ቀላል ነው።"

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየው። "ጭማቂው በዚህ ወጣ። ሌላውስ?"

"ሌላው በኋላ በኩል እዚህ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጋሼ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይደፋል።"

"ሥጋውን ደፍቶ እንባውን መጠጣት ነው በይኛ።"

ልጅቷ ሳቀች። ጁስ መጭመቂያውን መልሳ ብሌንደር አወረደች። ይሄኛው የገባበትን ሁሉ ይፈጫል፣ ምንም አይጥልም፣ ለውዝም በረዶም ያደቃል አለች። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቀረብ አለ።

"ጉልበቱ?"

"ሁለት ሺህ ዋት።"

"ማን አለ?"

"ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።"

"ካርቶን ምን የማይሸከመው አለ። እስቲ ይከፈት።"

"ክፍት ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ሆዱን ነው የምልሽ።" ከደረት ኪሱ ካቻቢቴ አወጣ።

"ኧረ እሱ ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል።"

"ካልተከፈተ ደግሞ የእኔ ዋስትና ይቀራል።"

አልከፈተችለትም። እሱም አልተቆጣም። በባዶው አንድ ደቂቃ አስከፈተና መዳፉን የማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈ፤ ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚዳስሰው። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ማናፈሻ ቀዳዳው አስጠግቶ አሸተተ። ቀና ሲል ራሱን ነቀነቀ። አሉሚኒየም።

በመንገድ ላይ ተናደድኩ። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ" አልኩት።

"እንደ መዳብ ቢቆጠርማ ምን ገዶኝ" አለ።

ከዚያ በኋላ አምስት ሱቅ ዞርን። የአንዱ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውሃ ያስገባል፤ የሌላው ቢላዋ ከጆጉ አይወጣም፣ ሥሩ ቆሻሻ ይይዛል፤ የሦስተኛው ሞተር ጉልበታም ነው፣ ግን ሞተሩን ከቢላዋው የሚያያይዘው ጎማ በስድስት ወር ይበላል። ሐሰት አልነበረም። ሁሉንም ዓይነት ሲበላሽ ከፍቶ አይቶታል። ሥራ ቦታቸው መደርደሪያ ላይ የሞቱ መፍጫዎች ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ጠብታ "ሬሳ ክፍል" ይለዋል። ሻጭ የሚያውቀው የዕቃውን ልደት ነው፤ ወንድሜ የሚያውቀው አሟሟቱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃ መግዛት አይችልም። ይህን አሁን ነው የማስበው። ያን ጊዜ ምርጫው ሲረዝም የሚያሳስበኝ የካሮቱ መበላሸት ነበር።

እኛ ማሽን ስንመርጥ ዳቦው ቀረ። ቀጥሎ ሩዙ ቀረ። ከዚያ ሾርባ ውስጥ ያለ ድንች እንኳ ሲያንቀው ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። የምግብ መውረጃው ጠቧል፤ ያጠበበው ነገር በኦፕራሲዮን ሊወጣ ይችላል አለች። ሚዛን ላይ አቆመችው። አርባ ዘጠኝ ኪሎ።

"በዚህ አካል ቢላ ስር አላስተኛውም፤ አይነሳም" አለች፣ ወደ እኔ ዞራ። "ሐምሳ ሁለት ይድረስልኝ። ሦስት ኪሎ ይጨምር። ጭማቂ ብቻ አያወፍረውም። አጃውም፣ እንቁላሉም፣ አቮካዶውም፣ አትክልቱም ሙሉው ይግባለት፤ ግን እንደ ክሬም ልሞ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል እንኳን እንዳትቀር። በየሁለት ሰዓቱ፣ ጥቂት ጥቂት።"

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። "አየሽ? ጁስ መጭመቂያው አይሆንም ብዬሽ ነበር" አለኝ። ትክክል በመሆኑ ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ በወንፊት ጀመርኩ። እቀቅላለሁ፣ በሹካ እደፈጥጣለሁ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ በወንፊት አሳልፋለሁ። አንድ ኩባያ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅብኛል። በየሁለት ሰዓቱ የሚለውን ማድረስ አልቻልኩም። አጃው ደግሞ ከወንፊቱ በታችም ፍሬ ፍሬ ይላል፤ እሱ ላይ ሲደርስ ያንቀዋል፤ ያን ያህል የለፋሁበት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ነገ ሄደን የተገኘውን እንግዛ አልኩት።

"አሉሚኒየሙን?"

"ብረትም ቢሆን።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እትዬ። አንድ ሳምንት ስጪኝ።"

በሬሳ ክፍሉ ውስጥ አንድ ደንበኛ ከዓመታት በፊት ጥሎት ሄዶ ያልተመለሰበት አሮጌ መፍጫ ነበረ። እንደ ድሮ ዕቃ ከባድ ነው፤ ጆጉ ወፍራም ብርጭቆ ነው፤ የሚዞረው ክፍል ደህና፣ ኩሽኔታው ደህና። የተቃጠሉት በግራና በቀኝ የሚቀመጡት ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ብቻ ናቸው። እሱን በመዳብ እጠመጥመዋለሁ፣ ከእኔም ከአንቺም በኋላ ይሠራል አለኝ። ጠብታ ተሸክሞ ቤት አመጣው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታ መሄድ ስላልቻለ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አድርገን መሣሪያውን ደረደርንለት።

ጠብታ ሲወጣ በር ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ እኔ ይህን በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ። ይዘዙኝ።"

ገብተን አብረን ጠየቅነው። ወንድሜ ቀና ብሎ አየውና "የእኔን ሆድ ለአንተ ጣት አላምንም" አለ።

"ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፓምፕ ስታምነኝ?"

"ፓምፕ አይበላማ።"

"ሰውዬ፣ እየራበህ እኮ ነው።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እስኪሄድ እኮ ጫጩቱ አረጀ" አለ ጠብታ። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ያን ከሰዓት "ጠብታ ይሥራው" ብዬ አንድ ቃል ብናገር እሺ ይል ነበር። ታላቅ እኅቱ ነኝ፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እሺ ያላለኝ ነገር የለም። አልተናገርኩም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመኝታው የሚነሳው ለዚያ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ፊቱን ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ካቻቢቴውን ደረት ኪሱ ውስጥ ይሰካል። ያን ብወስድበት ምን እንደሚነሳለት አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ጥቅል ሦስት ሳምንት ፈጀ። አሮጌውን ፈትቶ ቆጠረ፤ መቶ ስልሳ ዙር። የካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ "160" ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሽቦውን ውፍረት ለካ፣ ጠብታ ሽቦ አመጣ፣ ሽቦውን የሚጠመጥምበት የእንጨት ቅርጽ አበጀ። ጠምጥሞ ሲጨርስ በክር አሰረው፣ ቫርኒሽ ውስጥ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ውብ ነበር። ሽቦው ሽቦ ላይ ሳይደራረብ፣ ሳይሻገር፣ እንደ ተነጠፈ ክር ተኝቷል። የመጣው ሰው ሁሉ ያየዋል። ያን ሳምንት ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሚዛኑ አርባ ሰባት አለ።

ሁለተኛው ላይ ጣቶቹ ከዱት። ቁጥሩም ከዳው። ሃምሳ ሲደርስ ሳል ይመጣል፤ ሳሉ ሲያልፍ ሃምሳ ሁለት ነበር ሃምሳ አራት አያውቅም። ይፈታዋል። ሰማንያ ሲደርስ ያንቀላፋል። ይፈታዋል። የተፈታ ሽቦ ይጣመማል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው አዲስ ይቆርጣል። ወለሉ ላይ የተጣመመ መዳብ ተከመረ። እኔ ጠርጌ በከረጢት አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ቀን ኩባያ ይዤ ገባሁ። ጣቱን አነሳ። አጃውንና ሙዙን ሁለት ጊዜ በወንፊት አሳልፌዋለሁ፤ ሲበርድ ደግሞ ይወፍራል፣ አይወርድለትም። ቆምኩ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆየሁ። አጃው ከላይ ቆዳ ሲይዝ አየሁ።

"ይበርዳል" አልኩ።

እጁ ቆመ። ወደ ጥቅሉ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

"መቶ አሥራ ስንት ነበር?" አለኝ።

"ምን አውቄ።"

"እኔም።"

አልተቆጣም። ኩባያውን ተቀብሎ ሦስት ማንኪያ ጠጣ። አራተኛው አልወረደም። ከዚያ መፍታት ጀመረ። ወደ ኋላ ሲፈታ የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጭር ጭር ይላል። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መቶ አሥራ አምስት ብዬ ብዋሸውስ ኖሮ ብዬ አስቤያለሁ። አያምነኝም ነበር።

ስንት ጊዜ እንደፈታው ልክ አላውቅም። ዘጠኝ ጊዜ አይቻለሁ። ጠብታ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ይገባል፣ ጠረጴዛውን ያያል፣ ይሄዳል። አንዴ ብቻ "እኔ ልቁጠርልህ፣ አንተ ጠምጥም" አለው። ወንድሜ እሺ አለ። ሞከሩ። ጠብታ ጮክ ብሎ ሲቆጥር ወንድሜ ደግሞ በልቡ መቁጠሩን አልተወም፤ ሰባ ላይ የሁለቱ ቁጥር ተለያየ።

"ሰባ ሁለት ነው" አለ ጠብታ።

"ሰባ አንድ።"

"ሰባ ሁለት ነው አልኩህ፣ አንተ መናጢ።"

ወንድሜ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ፈታው።

ሚዛኑ አርባ አምስት ሲል ሐኪሟ መጀመሪያ ወደ እሱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየች። ቤት ውስጥ መፍጫ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። የለም ለማለት አፈርኩ። የሞተር ባለሙያ ቤት ነው። "እየተሠራ ነው" አልኳት። ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ወሰንኩ። ሳልነግረው ሄጄ ያን አሉሚኒየም የሚለውን እገዛለሁ፤ ወጥ ቤት በር ዘግቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ እፈጭበታለሁ፤ በወንፊት ነው እለዋለሁ። ማሽን ሲጮህ የሞተሩን ዓይነት በድምፁ የሚለይ ሰው ከጎኑ ክፍል ተቀምጦ ይህን ማሰቤን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ግን ወስኜ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠብታ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። የምሄድበትን ለእሱ ብቻ ነገርኩት። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለተኛውን ጥቅል እንደገና ከአንድ ጀምሯል። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ካሮት ልገዛ ነው" አልኩት።

ጣቱን አነሳ።

ወጣሁ። ሱቁ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ባለሱቋ አወቀችኝ። "ጋሼስ? ካቻቢቴያቸውን ይዘው አልመጡም?" አለች። ቤት ነው አልኳት። የድሮውን ማሽን አወረደችና፣ በደንብ እንዲልም አይተው ይግዙ ብላ ካሮት ፈልጋ አመጣች።

የሆነውን በኋላ ጠብታ ነው የነገረኝ። ደጋግሞ አይነግረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ።

"እየቆጠረ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ እትዬ። ከዚያ ቆመ። እጁም ቆመ። እኔ ቁጥሩ ጠፋበት ብዬ ዝም አልኩ። እንዳልናገረው ብዬ። አሁን ይፈታዋል ብዬ ጠበቅኩ። ደህና አድርጌ ነው የጠበቅኩት። አልፈታውም።"

ከቀብሩ በኋላ ወረቀት ለማውጣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። መጀመሪያ ሳምንት ላይ መፍጫ ገዝቼ ቢሆን ሐምሳ ሁለት ይደርስ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለማጽናናት ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም።

"ላይደርስም ይችላል" አለችኝ። "ቢደርስም ኦፕራሲዮኑ ላይሳካ ይችላል። ግን ያን ያህል አይራብም ነበር።"

አመስግኜያት ወጣሁ። የመጨረሻዋን ቃል ለጠብታ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

ሰዎች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሄዱ። ብዙዎቹ ወንድሜ የጠመጠመላቸው ናቸው። አንዲት ሴት የውሃ ፓምፕዋ አሥራ አራት ዓመት እንደሠራላት ነገረችኝ፤ እስካሁን ይሠራል አለች። ማራገቢያ ያለው ሰውም እንዲሁ አለ። ቀናሁባቸው። በእኔ ቤት የእሱ እጅ ያለፈበት የሚሠራ ሞተር የለም። ሁልጊዜ የሰው ይቀድማል፤ የኛ ነገ ነበር።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ሻይና ዳቦ እበላለሁ፤ ቆሜ። ካሮት አልገዛም። ወንፊቱን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ባለሱቋ ማሽኑን አስቀምጬልዎታለሁ ብላ በጠብታ ልካብኝ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አልሄድኩም። ወደዚያ በኩል ጉዳይ ሲኖረኝ በማዶኛው መንገድ ነው የማልፈው።

ባለፈው እሑድ ጠብታ መጣ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። የመጀመሪያው ጥቅል መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል፤ ቫርኒሹ ደርቋል። ሁለተኛው እንጨቱ ላይ እንዳለ ነው፤ የሽቦው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ ሳይነካው አየው።

"ስንት ላይ እንዳቆመው ያውቃሉ?" አለኝ።

"አላውቅም። አልጻፈውም።"

"እሱማ በልቡ ነበር የሚይዘው።" ቀና አለ። "በዓይን ሲታይ ከመቶ ሠላሳ በላይ ይመስላል። ግን በግምት መቀጠል አይቻልም፣ እትዬ። መፍታት ነው። ሲፈታ ስንት ላይ እንደነበረም ይታወቃል። ከዚያ ከአንድ ጀምሬ እጨርስልዎታለሁ። ልፍታው?"

"ተወው" አልኩት።

ሻይ ጠጥቶ ሄደ። የተጣመመው ሽቦ ከረጢቱ ውስጥ አለ። መፍጫው ሆዱ ተከፍቶ፣ ብሎኖቹ በሻይ ስኒ ሳህን ውስጥ ሆነው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ሁለተኛው ጥቅል አልተፈታም፤ አልተቆጠረም፤ አላለቀም።